ጅቡን ማን ጠየቀው?

ፊልም አይቶ የወጣ ሰው «እንዴት ነበር?» ሲባል የሚሰጠው መልስ፣ ስለ ፊልሙ ከሚናገረው ይልቅ ስለ ራሱ የሚናገረው ይበዛል። «አሪፍ ነው» ብሎ የሚያልፍ አለ። «ያው ነው» ብሎ ትከሻውን የሚሰብቅ አለ። እኔ ደግሞ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰው ነኝና «ይሄማ ሐምሌት ነው» የምል ነበርኩ። የዛሬው ወሬዬ ከዚህች «ይሄማ» ከምትባል አመሌ ጋር የተያያዘ ነው።

«ይሄማ» ያልኩት «ዘ ላየን ኪንግ»ን ነው፤ አንበሳው ንጉሥን። ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1994 (በእኛ በ1986 ዓ.ም. መገባደጃ) ያወጣው የካርቱን ፊልም። ልጅ ያላችሁ ሁሉ ሳትወዱ በግድ በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። ልጅ ለሌላችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሙፋሳ የሚባል አንበሳ ንጉሥ ነው። ሲምባ የሚባል ልጅ ይወልዳል። ስካር የሚባለው ወንድሙ ጅቦችን አስከትሎ ሙፋሳን ይገድለዋል፤ ልጁንም «አባትህ የሞተው በአንተ ጦስ ነው» ብሎ ያባርረዋል። ልጁ ከአንድ ከርከሮና ከአንድ ፍልፈል መሰል አውሬ ጋር ትል እየበላ በስደት ያድጋል፤ ከዚያ ተመልሶ አጎቱን ይጥልና ይነግሣል። አጎት አባትን ገደለ፣ ልጅ ደም መለሰ። ሐምሌት ነዋ! ሠሪዎቹም ቢሆኑ ነገሩን አልደበቁትም።

በ1996 ዓ.ም. የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት የሥነ ጽሑፋዊ ሂስ ኮርስ አስተምር ነበር። የት እንደሆነ ይቅር። ተማሪዎቹን ሐምሌትን በእንግሊዝኛው ማንበብ ስላንገፈገፋቸው አንድ ዘዴ ዘየድኩ። ቴሌቪዥንና ደክ አስመጥቼ አንበሳውን ንጉሥ አሳየኋቸውና «አምስት ገጽ ሂስ ጻፉ» አልኳቸው። ምን እንዲጽፉ እንደምፈልግ አልነገርኳቸውም፤ ግን ያውቁታል፤ ተማሪ ሞኝ አይደለም። ሠላሳ ስምንት ወረቀት ሰበሰብኩ። ሠላሳ ሰባቱ ሐምሌት ነበሩ። አንዱ ጅብ ነበር።

ርዕሱ «ጅቡን ማን ጠየቀው?» ይላል። ልጁ ከካፋ በኩል የመጣ፣ ከኋላ የሚቀመጥ፣ በሦስት ወር ውስጥ ሁለቴ እንኳ አፉን ከፍቶ የማያውቅ ነበር። እጅ ጽሑፉ ያምራል። ምን አለ መሰላችሁ? ጅቦቹ በፊልሙ ውስጥ አንድ አቤቱታ ብቻ ነው ያላቸው፤ እሱም «ራበን» የሚል ነው። መኖሪያቸው የዝሆን አጥንት የተከመረበት፣ ፀሐይ የማይደርስበት ሥርጓጉጥ ነው። ለምን እዚያ እንደተጣሉ ፊልሙ አንድም ቦታ ላይ አይናገርም። የሚነገረው ቆሻሻ፣ ሆዳምና ደደብ መሆናቸው ብቻ ነው፤ እሱንም የሚነግረን የንጉሡ ባለሟል የሆነው ወፍ ነው። ታዲያ ጥፋታቸው ሳይነገር የተቀጡ እነዚህ ፍጡራን የተቀጡት ጅብ ሆነው በመወለዳቸው አይደለም ወይ? ይላል ልጁ። መጨረሻው አንቀጽ ላይ ደግሞ «በእኛም አካባቢ ንጹሕ ያልሆነ ነገር ይበላሉ እየተባሉ የሰው ደጃፍ የማያልፉ ሰዎች አሉ» ብሎ ይጀምርና ሰባት ስምንት መስመር ይቀጥላል።

ያቺን አንቀጽ በቀይ እስክሪብቶ ከዳር እስከ ዳር ሰረዝኳት። ኅዳጉ ላይም «ፊልሙ ውስጥ የለም! ከርዕሱ ወጥተሃል» ብዬ ጻፍኩ። ያቺ ቃለ አጋኖ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለች።

ወረቀቱን የመለስኩ ዕለት ልጁ እጁን አወጣ። «መምህር፣ ግን እኮ ጅቡን ማንም አልጠየቀውም» አለ። እኔም ፋታ ሳልወስድ፣ «ጅብ መጠየቅ ካማረህ ማታ ማታ ብቅ በል» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጁም ፈገግ አለና ተቀመጠ። ሲ ሰጠሁት።

በመንፈቁ ዕረፍት ወደ ቱም ሄድኩ። ታናሽ እህቴ ነርስ ሆና እዚያ ከተመደበች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር፤ እናታችን «ሄደህ ዓይኗን እየልኝ» እያለች ነዘነዘችኝ። ቱም የማጂ ወረዳ ከተማ ናት። ያኔ በቤንች ማጂ ዞን ውስጥ ነበረች፤ ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በምዕራብ ኦሞ ዞን ሥር ነች። የጥንቷ ማጂ ተራራው ላይ ቁጭ ብላ ቁልቁል ታያታለች። ደጋው የዲዚዎች ነው። ወደ ቆላው ሲወረድ ሱሪዎች አሉ፤ በሌላው ወገን ሜኒቶች። እኔ ከሚዛን ተፈሪ ተነስቼ በጭነት አይሱዙ፣ በጨው ጆንያና በቆርቆሮ መሀል ተቀምጬ ነው የደረስኩት። የሚዛንን የቡና ጥላ ለቆ ወደ ማጂ ተራሮች የሚወጣውን የዚያን ዘመን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅም ወገቡን ይመርቅ።

በሦስተኛው ቀን ማታ እህቴ «ጋሼ፣ ፊልም ልጋብዝህ» አለችኝ። ፊልሙ የት ነው ብላት ገበያው ዳር ወዳለች የጭቃ ቤት ወሰደችኝ። ደጃፉ ላይ ጄኔሬተር ያጓራል። ውስጡ አግዳሚ ወንበር፣ ከፊት መሬት ላይ የተኮለኮሉ ልጆች፣ ጥግ ላይ ጠረጴዛ ላይ የተሰቀለች ሃያ አንድ ኢንች ቴሌቪዥን። የዕለቱ ፊልም ምን ቢሆን ጥሩ ነው? አንበሳው ንጉሥ! ሚዛን የሄደ ነጋዴ ሲዲውን ያመጣው የአደን ፊልም መስሎት ነው አሉ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ የአስተማሪነት ልክፍቴ ተነሳና «እስቲ እነዚህ ሰዎች ምን ይሉት ይሆን» ብዬ ተደላደልኩ። «እነዚህ ሰዎች» ያልኩበትን ቃና አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል።

ቪዲዮ ቤት ውስጥ ዝም ብሎ ማየት ነውር ነው። አንድ ወጣት የሒሳብ መምህር ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ ያዞራል። ከኋላ ደግሞ አንድ ሌላ ልጅ አማርኛውን ወደ ዲዚኛ ያቀብላል። በሁለቱ መሀል የጠፋውን ተመልካቹ ራሱ ይሞላዋል።

ያ ዝነኛ የፀሐይ መውጫ መጣ። ሌቦ ኤም የሚባለው የደቡብ አፍሪካ ሰው ድምፁን ሲለቀው ቤቱ እንዳለ ጸጥ አለ። (ይህን ትዕይንት ምንም ብትሉኝ እወደዋለሁ፤ በካርቱን ታሪክ እንዲህ ያለ መክፈቻ ጥቂት ነው።) ዝሆኑ፣ የሜዳ አህያው፣ ቀጭኔው ሁሉ ከየአቅጣጫው ተሰብስቦ ከቋጥኙ ሥር ሲሰግድ ከፊት የተቀመጠች አንዲት ሴት፣ ጠላ ሻጭ ናት አሉኝ በኋላ፣ «እንዴ! ሚዳቋዋ ምን ሆና ነው የምትሰግደው? ነገ የሚበላትን ሕፃን እኮ ነው!» አለች። ሳቁ የጄኔሬተሩን ድምፅ ዋጠው።

ሙፋሳ ለልጁ ትምህርት የሚሰጥበት ቦታ ሲደርስ ነገሩ ከረረ። እኛ ሚዳቋ እንበላለን፤ ስንሞት ገላችን ሣር ይሆናል፤ ሣሩን ሚዳቋ ትበላዋለች፤ እናም ሁላችንም በአንድ ክብ ውስጥ ነን፣ ይላል አባት። እኔ ክፍል ውስጥ እዚህ ላይ ቆም እልና «ውብ ፍልስፍና» እል ነበር። አንድ ሽበታም አዛውንት ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በትራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው ያያሉ። በዲዚኛ አንድ ነገር አሉ። ሰው አጉረመረመ። ተርጓሚው ልጅ መለሰልን። «አንበሳው ሣር የሚሆነው ከሞተ በኋላ ነው። ሚዳቋዋ ግን በቁሟ ነው የምትበላው። ይኼ ክብ ያላችሁት ነገር አንድ ጎኑ ጎብጧል» ነው ያሉት። ወደ እህቴ ዞር ብዬ «ማን ናቸው?» አልኳት። «ዝም ብለህ እይ፣ ገና ምን አይተህ» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። ለገበያ ወጥቶ መሽቶበት የቀረ አንድ ሜኒት ከብት አርቢ፣ ጅቦቹ የአንበሳ ትራፊ ለቃሚ ተደርገው ሲታዩ አልዋጥልህ አለው። ጅብ ራሱ አድኖ የጣለውን አንበሳ መጥቶ ሲቀማው በዓይኑ እንዳየ ምሎ ተናገረ። እኔ በልቤ የመንደር ጉራ ነው ብዬ አለፍኩት። ሃንስ ክሩክ የሚባል የእንስሳት ተመራማሪ በታንዛኒያ ንጎሮንጎሮና ሴሬንጌቲ ዓመታት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተመው ጥናት ይህንኑ እንደሚል ያወቅሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ዥንጉርጉር ጅብ አዳኝ ነው፤ የሚበላውን አብዛኛውን ራሱ ይገድላል፤ በንጎሮንጎሮ እንዲያውም አንበሳው ነበር የጅብን ግዳይ እየጠበቀ የሚነጥቀው። ክሩክ ይህን ለማወቅ ሌሊት ሌሊት በመኪና ጅብ ሲከተል ኖረ። የሜኒቱ ሰው በእግሩ።

አንድ ወጣት ሱሪም ነበር፤ አማርኛው የሚሰባበር። እሱ የገረመው ሌላ ነገር ነው። «ሴቶቹ አንበሶች ያውቃሉ። ስካር መጥፎ ነው፣ ያውቃሉ። ለምን አይሰበሰቡም? ለምን አይናገሩም?» አለ። ሱሪዎች ኮሞሩ የሚባል አለቃ አላቸው፤ ነገር ግን ኮሞሩ መራቂ፣ አስታራቂ፣ የሥርዓት አባት እንጂ አዛዥ አይደለም። ነገር የሚቆረጠው በጉባኤ ነው፤ ሰው ተነስቶ ይናገራል፣ ይከራከራል። ለዚያ ልጅ ንጉሥ ስለ ሞተ አገር በሙሉ አፉን ዘግቶ አልጋ ወራሹ ከስደት እስኪመለስ የሚጠብቅበት ታሪክ የአውሬ ታሪክ ነው። ቢሆንም የአውሬም አልመስልህ አለው።

ከዚያ ድርቁ መጣ። ስካር ሲነግሥ ሣሩ ይነዳል፣ ወንዙ ይደርቃል፣ መንጋው ይሰደዳል። ሲምባ ተመልሶ ሲያሸንፍ ደግሞ ዝናብ ይወርዳል። ይህ ለእኔ የሆሊውድ ርካሽ ዘዴ ነበር፤ ድል ባለ ቁጥር ዝናብ የሚያዘንቡ ሰዎች ናቸው። ቱም ላይ ግን ቤቱ ጭር አለ። አዛውንቱ ራሳቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ «ዝናብ ዘርን ያውቃል» አሉ። ነገሩ የገባኝ ማታ እህቴ ስታስረዳኝ ነው። የዲዚ ባላባቶች ሹመት በዘር የሚወርድ ከመሆኑም በላይ ዝናብ ከእነሱ ጋር የተያያዘ ነው። በድርቅ ዘመን ሱሪዎች ሳይቀሩ ከብት እየነዱ ለዝናብ ወደ ዲዚ ባላባት ይመጡ ነበር። ስለዚህ አልጋው ያለ ባለቤቱ ሲያዝ ሰማይ መዘጋቱ ለሽማግሌው ከሼክስፒርም ከሆሊውድም የመጣ አይደለም፤ ከቤታቸው የመጣ ነው። እኔ ከመጽሐፍ የማውቀውን እሳቸው ከማሳቸው ያውቁታል።

እዚህ ላይ «እሳቸው እንግዲህ የንጉሡ ወገን ናቸው» ብዬ ደመደምኩ። ችኩል ነኝ። አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ «አባ፣ ጅቦቹም እኮ ያው ዝናብ ነው የጠማቸው» ሲላቸው አልተቆጡም። «እሱማ» አሉ። «ጅቦቹ መሬት ቢኖራቸው ያንን ጠባሳ ፊት ማን ይከተለው ነበር?» ከዚያ ድንገት ወደ እኔ ዞሩ። ከአዲስ አበባ የመጣሁ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ መሆኔን ሰው ሹክ ብሏቸዋል። «ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ። ለጅቦቹ ወሰኑን ማን ነው የቆረጠባቸው? በምን ጥፋት?»

ቤቱ ሙሉ ዞሮ አየኝ። ሐምሌትን ላነሳ አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። «ፊልሙ አይናገርም፣ አባቴ» አልኩ። ያንን ዓረፍተ ነገር የት እንዳነበብኩት ለማስታወስ ብዙ አልፈጀብኝም።

ወሰን በማጂ ቀላል ቃል አይደለም። ከአድዋ ድል ጥቂት ዓመታት በኋላ የመሀል አገሩ መንግሥት አካባቢውን ከያዘ ወዲህ ማጂ የዝሆን ጥርስ፣ የጠመንጃና የባሪያ ንግድ መናኸሪያ ሆና ነበር። ዲዚዎች በገባርነትና በባሪያ ፍንገላ ቁጥራቸው ክፉኛ ተመናምኗል። በእነ ሽማግሌው አባቶች ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ፣ አርኖልድ ሆድሰን የሚባል የእንግሊዝ ቆንስል ማጂ ላይ ተቀምጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 ስለዚሁ ደቡብ ምዕራብ ምድር አንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ ርዕሱን ወደ እኛ ብንመልሰው «አንበሳ የሚነግሥበት» ማለት ነው። አንበሳ ንጉሥ የሆነበት አገር! ዲዝኒ ሳይፈጠር አይደለም እንጂ ዲዝኒ አንበሳ ሳያስብ ማጂ በለንደን መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ በአንበሳ ተጠርታ ነበር። እዚያ ሲኖሩ የነበሩት ሰዎች በርዕሱ ውስጥ የሉም።

ስመለስ በካፋ መንገድ፣ ስሟን በማልጠራት አንዲት የመንገድ ዳር ከተማ መኪናችን ተበላሸች። ቡና ቤት ገባሁ። ደጁ ላይ፣ ከደጃፉ ወዲያ፣ አንድ ሰው የከሰል ጆንያውን አጠገቡ አስደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ልጅቷ ለእኛ በስኒ ስትቀዳ ለእሱ ጠርዙ በተሸረፈ ኩባያ፣ ጀበናውን ከፍ አድርጋ፣ እንዳይነካካት እየተጠነቀቀች ቀዳችለት። ሰውየው ጠጥቶ ኩባያውን ግድግዳው ሥር ካለች ቀዳዳ መልሶ አስቀመጠ። ቦታዋን ያውቃታል። «ለምን ገብቶ አይጠጣም?» አልኳት። «ማንጆ ነው እኮ» አለችኝ፣ ይህን የማያውቅ ሰው በመኖሩ እየተገረመች። «ታዲያስ?» «ከሰው ጋር አይጠጡም። ጦጣ ይበላሉ፣ የሞተ ይበላሉ ይባላል።» «አይተሻል?» «ኧረ እኔ አላየሁም!»

ቡናው አልወረደልኝም። የሰረዝኳት አንቀጽ ቃል በቃል አጠገቤ ተቀምጣ ቡና ትጠጣ ነበር።

ግቢ ስገባ ግሬዱ ሬጅስትራር ደርሷል። የግሬድ ማስተካከያ ፎርም ወሰድኩ። «የማስተካከያው ምክንያት» የሚል ሁለት መስመር ክፍት ቦታ አለው። ምን ብዬ ልሙላው? «ቡና ቤት ያየሁት ነገር»? የመደመር ስህተት ብል እንኳ ያልፍልኝ ነበር፤ መምህራን ስንቱን በመደመር ስህተት አሳልፈናል። ፎርሙን መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። ልጁ በዓመቱ ተመረቀ። ከእነዚያ ወገን ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አልጠየቅሁትማ።

ይባስ ብሎ ያናደደኝ ሌላ ነው። በሌላ ኮርስ፣ ከዚያው ከመሥሪያ ቤቴ ሳልወጣ፣ የኢትዮጵያን ተውኔት ታሪክ አስተምር ነበር። የመጀመሪያው ትምህርት ምንድን ነው? የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜድያ»። ሩሲያ አድገው፣ ፈረንሳይ አይተው የተመለሱት እኚህ ሰው ከመቶ ዓመት በፊት የላፎንቴንን ተረቶች መነሻ አድርገው አውሬዎችን መድረክ ላይ አወጡ። ተመልካቹ መኳንንት ነበር። ሣቀ፣ ከዚያ ግን አውሬው ውስጥ ራሱን አየ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተውኔቱ ታገደ። የአገራችን ዘመናዊ ተውኔት ሀ ብሎ የጀመረው በአውሬ ስም ሰውን በመናገር ነው፤ የታገደውም ተመልካቹ በትክክል ስለተረዳው ነው። ይህን በየዓመቱ በኩራት አስተምራለሁ። «ያ ታዳሚ ምንኛ ንቁ ነበር!» እላለሁ። ከዚያ የራሴ ተማሪ ጅቡ ውስጥ ሰው ሲያይ «ፊልሙ ውስጥ የለም!» ከነቃለ አጋኖው። መኳንንቱ ቢያንስ ገብቷቸው ነው ያገዱት።

እንግዲህ ወደ ፊልሙ ልመለስ፤ ሂስ ጽፌ ላሳይ ብዬ አልነበር የተነሳሁት? አንበሳው ንጉሥ ውብ ፊልም ነው። ያ የመንጋ ግርግር፣ ሙፋሳ የሚሞትበት፣ ሁለት ደቂቃ ተኩል ለማትሞላ ትዕይንት ባለሙያዎቹ ዓመታት ደክመውባታል፤ ያስታውቃልም። ተንኮሉ ግን ውበቱ ውስጥ ነው። ስካር ጅቦቹን የሚያሳምንበትን ዘፈን ተመልከቱት። ጅቦቹ ሲጀምሩ የተራቡ ናቸው፤ ዘፈኑ መሀል ሲደርስ እግራቸውን እያነሱ የሚሰለፉ የሂትለር ወታደሮች ይሆናሉ። ሠሪዎቹ ሰልፉን የናዚ ፊልም አይተው እንደቀረጹት ይታወቃል። የራበውን አምጥቶ ሰልፍ ያስይዝና «አሁን ፍረዱበት» ይለናል። የቱሙ ሽማግሌ ግን ሰልፉን አላዩትም፤ ረሃቡን ነው ያዩት። ከጅቦቹም መሪ የሆነችው ሴቷ ስሟ ሸንዚ ነው። በስዋሂሊ ያልሠለጠነ፣ ባለጌ፣ አውሬ እንደማለት ነው፤ በቅኝ ግዛት ዘመን ነጮች ለጥቁሩ ይወረውሩት የነበረ ስድብ ነው። ድምፃቸውን ያዋሷቸው ሰዎች ላይም አሜሪካ ውስጥ ያኔውኑ ብዙ ተብሏል፤ ጅቦቹ ለምን እንደ ጥቁሩና እንደ ላቲኑ ሰፈር ሰው ይናገራሉ ተብሎ። ስካር ደግሞ በጠራ እንግሊዝኛ፣ በእንግሊዛዊ ተዋናይ አንደበት ነው የሚናገረው። ሠዓሊዎቹ ጅብ ለመሣል ያኔ በርክሊ ወደነበረው የጅብ ምርምር ጣቢያ ሄደው ነበር። እዚያ ጅብን ሲያጠኑ ከኖሩት አንዱ፣ ስቲቨን ግሊክማን፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ከአሪስጣጣሊስ እስከ አንበሳው ንጉሥ የጅብ ስም እንዴት እንደጠፋ የሚተርክ ጽሑፍ አወጣ። የጅብ ጠበቃ አይጠፋም ማለት ነው።

አንበሳውስ የማን ነው? በፊልሙ ውስጥ ከርከሮውና ጓደኛው የሚያንጎራጉሯት የአንበሳ ዜማ ከሰሎሞን ሊንዳ የመጣች ናት። ይህ የዙሉ ሰው እ.ኤ.አ. በ1939 ጆሃንስበርግ ላይ ዘፈኑን ቀዳ፣ አሥር ሽልንግ ተቀበለ፣ በ1962 በድህነት ሞተ። ዘፈኑ ዓለምን ዞረ። ቤተሰቦቹ በ2004 ዲዝኒን ከስሰው ጉዳዩ በ2006 በስምምነት እስኪያልቅ ድረስ የደረሳቸው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ለነገሩ እኛስ ብንሆን? ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ እየተወሰድን፣ በአንበሳ አውቶቡስ እየተሳፈርን፣ አንበሳ ጫማ እየተጫማን አድገን፣ ኋላም አንበሳ ባንክ ከፍተናል። ጅብ ባንክ ከፍተን ቢሆን ማን ገንዘቡን ያስቀምጥ ነበር? ጅብ በእኛ ተረት ሆዳም ነው፣ ሞኝ ነው፤ ይህ ይሁን። ነገር ግን ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቆዳ ፋቂውን «ቡዳ ነው፣ ማታ ጅብ ይሆናል» ያልነው እኛ ነን። እጁ የሠራውን ማረሻ እየወሰድን፣ እጇ የሠራችው ድስት ላይ እየበላን። ሐረሮች ብቻ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ለአሹራ ገንፎ አብስለው ጅቡን ይጋብዙታል።

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ሌላ ፊልም ወጣ፤ «ሙፋሳ»። በባሪ ጄንኪንስ የተሠራ፣ ከመጀመሪያው ታሪክ በፊት የሆነውን የሚተርክ። አሁን ጎረምሳ ከሆነው የእህቴ ልጅ ጋር ቤት ቁጭ ብዬ አየሁት። ፊልምነቱ ከዋናው አይደርስም፤ መልኩ እውነተኛ አንበሳ፣ ፊቱ ግን የማይነበብ፣ ዘፈኑም ከጆሮ የማይቀር ነው። አንድ ነገር ግን ከወንበሬ አስነሳኝ። ሙፋሳ ለካ የንጉሥ ልጅ አይደለም! ጎርፍ የወሰደው፣ ከወላጆቹ የተለየ፣ የሰው መንጋ ውስጥ የተጠጋ መጤ ነው። የንጉሥ ልጅ የነበረው ያ ኋላ ስካር የተባለው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ባለቤቱ» ያልነው ባለቤት አልነበረም። «ዝናብ ዘርን ያውቃል» ያሉኝ አዛውንት ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል እህቴ የዚያን የተርጓሚውን መምህር ስልክ ከድሮ ማስታወሻዋ ፈልጋ ሰጠችኝ። ዛሬ ሚዛን ነው የሚኖረው፤ ርዕሰ መምህር ሆኗል።

ደወልኩለት። የሲስተር ወንድም ነኝ ስለው ወዲያው አስታወሰኝ። ሽማግሌው ከሞቱ ቆይተዋል። ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረኩለት፤ ዝም ብሎ አዳመጠኝ። ስጨርስ ሳቀ። «እሳቸው ቢሆኑ መጀመሪያ ዝናቡ ዘነበ ወይ ነው የሚሉት። ከዘነበ፣ ያሳደገው ቤት ዘሩ ነው ይላሉ። አያቃታቸውም» አለኝ። ትንሽ ቆየና ጠየቀኝ።

«ጅቦቹስ በዚህኛው መሬት አገኙ?»

«ስለ ጅቦቹ መሬት የተነሳ ነገር የለም» አልኩት።

«እህ» አለ። «እንግዲያው ያው ፊልም ነው።»